«ሳል የለኝም»

ታናሽ እህቴ የካንሰር ሐኪሟን የዋሸችው አንዴ ነው። «ሳል የለኝም» አለችው። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ከቤት እስከ ሆስፒታሉ ድረስ መኪና ውስጥ ስትስል ነው የመጣችው። አክታ የሌለው ደረቅ ሳል ነው። አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይለቅም። የታክሲው ሾፌር ራሱ መስኮቱን ከፈት አድርጎ «እግዜር ይማርሽ» ብሏታል።

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። እህቴ ደህና ናት፣ ሥራም ገብታለች። ያቺ «የለኝም» ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ሊያድናት የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠይቃት ለምን ደበቀች? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። መድኃኒቱ እንዳይቀርበት ብሎ በሽታውን የሚደብቅ ሰው እንዳለ ግን የነገረን የለም።

ስለ ኬሞ ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ያውቃል። ፀጉር ይረግፋል፣ ያስመልሳል፣ አፍ ይቆስላል፣ የምግብ ሽታ ያስጠላል። ጎረቤቱም ዘመዱም ይህንኑ እየነገረን ተዘጋጀን። ስለ ሳንባ የተናገረ ሰው አላስታውስም። የማህፀን አካባቢ ካንሰር መድኃኒት ደረት ላይ ምን ያደርጋል? የእኛ ሐሳብ ሁሉ ከወገብ በታች ነበር።

የፍሪጁ ብልቃጥ

እህቴ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት። እጢው የተነሳው ከአንደኛው ኦቫሪ፣ ከእንቁላል ማምረቻዋ፣ ነው። በዚህ ዕድሜ ከሚታዩት የኦቫሪ እጢዎች ውስጥ ከእንቁላል ዘር ሴሎች የሚነሳው ዓይነት አለ፣ የሷም እሱ ነው። በፍጥነት ያድጋል። ደግነቱ ለኬሞ በደንብ ይሸነፋል፣ ተሰራጭቶ እንኳ ብዙዎቹ ይድናሉ። ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሐኪም የታመመውን ኦቫሪ ብቻ አውጥቶ ሌላኛውንና ማህፀኗን ትቶላታል። ወደፊት እንድትወልድ ነው። ከዚያ በሦስት መድኃኒት የሚሰጥ ኬሞ ታዘዘላት፦ ብሊዮማይሲን፣ ኢቶፖሳይድ፣ ሲስፕላቲን።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። በየ21 ቀኑ አንድ ዙር ይጀመራል። በዙሩ መጀመሪያ አምስት ተከታታይ ቀን ኢቶፖሳይድና ሲስፕላቲን በደም ሥር ከሚሰጥ ብዙ ፈሳሽ ጋር ይገባል። ብሊዮማይሲን ደግሞ በሳምንት አንዴ ነው። ቤት ውስጥ «የሳምንቷ መርፌ» ብለን ስም አወጣንላት። የምንፈራው ሲስፕላቲንን ነበር፤ አንጀቷን ገልብጦ የሚያወጣው እሱ ነው። የሳምንቷ መርፌ ቶሎ ታልቃለች። ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ታመጣለች፣ ነገ ጠዋት ይለቃታል። የደም ሴልም እንደሌሎቹ አታወርድም። ሐኪሞች ከሌሎች ጋር ሊያቀናጁዋት የወደዱበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። እኛ ከሦስቱ የዋሃ እሷ ናት ብለን ነበር።

እነዚያ ብልቃጦች የሚቀመጡት ፍሪጃችን ውስጥ ነው፣ ከቅቤው ጎን፣ በፌስታል ተጠቅልለው። ቀዝቃዛ ቦታ ካልሆነ ይበላሻሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር እማዬ የፍሪጁን በር ማንም እንዳይከፍት ዘብ ትቆማለች። የተገኙት ፋርማሲ ለፋርማሲ ተዙሮ፣ ሲጠፉም ከውጭ በሚመጣ ሰው ተልከው ነው። ገንዘቡን ዘመድ አዝማድ አዋጥቶታል፣ የአክስቴ ዕቁብም አለበት።

ሳሉ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዙር ተላልፎባታል። ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ «በሳምንቱ ተመለሱ» ተባልን። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አልነበራትም፤ እጢው ሆዷ ውስጥ ሲያድግ የሚሰማት ይመስላት ነበር። ስለዚህ ሳሉ ሲጀምራት ሒሳቡን ለብቻዋ ሠራችው። ከተናገርኩ ያቆሙብኛል፣ ካቆሙብኝ ይመለሳል። መኪና ውስጥ የነገረችኝ በዚሁ አማርኛ ነው፤ «እንዳትናገሪ» የሚል ተጨምሮበት።

ቤቱም ለሳሉ ሰበብ አላጣም። ወሩ ሐምሌ ነው። በሐምሌ ያልሳለ ማን አለ? እማዬ «ብርድ መቷት ነው» ብላ ዝንጅብል በማር ታፈላለች። ጎረቤት ዳማከሴ ይዛ መጣች። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ተቀነሰላት። ሌላ አንድ ነገር ግን ነበር፤ እማዬ ጀርባዋን ስታጥባት ጅራፍ ያረፈበት የሚመስል ጥቁር ሰንበር አየች። አንድ ሁለት አይደለም፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ተጋድሟል። «ማን ገርፎሽ ነው?» አለቻት እየሳቀች። ቆዳዋን በጥፍሯ ስላከከችው ነው ተብሎ ታለፈ።

ሳሉና ሰንበሩ ዘመዳሞች መሆናቸውን የተረዳሁት በኋላ ነው። ሰውነታችን ብሊዮማይሲንን የሚያከሽፍ አንድ ኢንዛይም አለው። ጉበት ውስጥ ሞልቷል። ሁለት ቦታ ላይ ግን በጣም ጥቂት ነው፦ ቆዳና ሳንባ። መድኃኒቱ እዚያ ሲደርስ የሚያስቆመው የለም፣ እጢው ላይ የሚሠራውን ሥራ ጤነኛው ቆዳና ሳንባ ላይም ይሠራል። ቆዳው ላይ የሠራውን እማዬ በዓይኗ አየችው። ሳንባው ላይ የሚሠራውን የሚናገር ሳሉ ብቻ ነበር።

«በደንብ ተንፍሺ»

ወደዚያች ክፍል ልመለስ። ሐኪሙ ጥያቄውን አላቆመም።

«ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«አያጥረኝም።»

«ደረጃ ስትወጪስ?»

«ቤታችን ደረጃ የለውም።»

ቀና ብሎ አያት፣ አልተከራከራትም። መልስ ከሕመምተኛው አፍ ብቻ እንደማይገኝ ከለመደ የቆየ ሰው ይመስላል። ከኋላዋ ዞሮ ማዳመጫውን የጀርባዋ ታችኛው ክፍል ላይ አሳረፈና «በአፍሽ ረጅም አድርገሽ ተንፍሺ» አላት። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ሳሉ ያዛት። ጠበቃት። «እንደገና» አላት። እንደገና ያዛት። ረጅም ትንፋሽ መውሰድ ከዚያ በፊትም ትታ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አጭር አጭር እየተነፈሰች ሳሉን ስታባብለው ነበር የሰነበተችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ፀጉርሽን ትንሽ ያዢና ጆሮሽ ሥር በጣቶችሽ እሺው» አለኝ። ግራ ገባኝ፣ ግን አደረግኩት። ቀጭን፣ ደረቅ፣ የሚንሿሿ ድምፅ ነው። «ከሳንባዋ ግርጌ የምሰማው ይሄን ነው» አለ። እህቴ እጇን ወደ ሻሿ ሰዳ፣ «እኔስ በምን ልስማው?» አለች። ሳቅን። ሐኪሙም ሳቀ። ሳቋም በሳል አለቀ።

ሲስተሯ ጣቷ ላይ የኦክሲጅን መለኪያ አሰካችላት። ያ በኮሮና ጊዜ ሁሉም ቤት የገባው ትንሽ መቆንጠጫ ነው። ቁጭ ብላ 93 አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እዚህ ጤነኛ ሰውም ቆላ ያለ ሰው የሚያሳየውን ቁጥር አያሳይም። 93 አላስደነገጠም። «አሁን ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ደርሰሽ ተመለሺ» ተባለች። አብሬያት ሄድኩ። ስንመለስ ከንፈሯ ገርጥቷል፣ ቁጥሩ 87 ይላል። ቁጭ ብላ የማይታየው እግሯ ሲንቀሳቀስ ወጣ።

ሐኪሙ ፋይሏን ገልጦ አንድ ወረቀት ፈለገ። የኩላሊት ምርመራዋ ነው። የመጨረሻው ውጤት ከመጀመሪያው ከፍ ብሏል፣ ኩላሊቷ ደክሟል ማለት ነው። በዚህች ቦታ የነገረን ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ የከበደኝ ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊት ይጎዳል፤ ያ ሁሉ ፈሳሽ የሚሰጠው ኩላሊቱን ለማጠብ ነው። ብሊዮማይሲን ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊቱ ሲደክም ብሊዮማይሲኑ መውጫ ያጣል፣ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ ሳንባው ላይ ያለው ጊዜ ይረዝማል። ስታስመልስ ውሃ ካልተካ ደግሞ ይብሳል። አንደኛው መድኃኒት ለሌላኛው በሩን ከውስጥ ይዘጋበታል ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ካንሰሩን ለማሰር ያበሩት ድሮች እነሱው ናቸው ሳንባዋንም የያዙት። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ጉዳት በየራሱ አንብቤ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ስለሚሠሩት ግን የትኛውም ወረቀት ላይ አላየሁም።

በመጨረሻ እንዲህ አለ። «የሳምንቷን መርፌ ከዛሬ ጀምሮ እናቆማለን። ሁለቱ ይቀጥላሉ።»

እህቴ እንባዋ መጣ። «ሦስት ሆነው ነው የሚያድኑት ብለውኝ የለ?»

«እጢውን በሁለቱ እንጨርሰዋለን። ሳንባሽን ግን መልሼ ልሰጥሽ አልችልም።»

ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት እንደ መርዶ ነው። እማዬም ማታ ስንነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው «ተስፋ ቆረጡ እንዴ?» ብላ ነው፣ ቀጥላ ስለ ፍሪጁ ብልቃጦች። ያን ያህል ብር! ለሌላ ታማሚ እንስጣቸው ብትልም ከሰው ቤት ፍሪጅ የወጣ መድኃኒት የሚቀበል ፋርማሲ አልተገኘም።

እኛ በቲቢና በኤችአይቪ ትምህርት ያደግን ትውልድ ነን። የጤና ጣቢያው ግድግዳ፣ ሬዲዮው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲነግረን የኖረው መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ራሱን እንደገደለ ነው። ለቲቢ ትክክል ነው፣ ትምህርቱም ብዙ ሕይወት አትርፏል። ግን ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ ሕግ ተክሎ አልፏል፦ መድኃኒት ይጨረሳል፣ የሚያቆም ይሸነፋል። ኬሞ በዚህ ሕግ አይገዛም። ኬሞ ላይ መቼ ይቁም የሚለው ውሳኔ ስንት ይሰጥ ከሚለው ጋር እኩል የሕክምናው አካል ነው። የእህቴ ሐኪም ያን ቀን ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ሥራ አለመስጠት ነበር ብዬ አምናለሁ። (በራስ ፈቃድ ማቆም ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አላልኩም።)

ሲቆይ ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚሠሩ ማንበብ ጀመርኩ። ይህ ቅንብር መጀመሪያ የተፈተነው በወንዶች የዘር ፍሬ ካንሰር ላይ ነው። አሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሎረንስ አይንሆርን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲስፕላቲንን ከብሊዮማይሲንና ከቪንብላስቲን ጋር አቀናጀ። እ.ኤ.አ. በ1987 በቪንብላስቲን ቦታ ኢቶፖሳይድ ገብቶ የዛሬው ቅርጽ ወጣ። የሴቶቹ የኦቫሪ እጢ በጠባዩ የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ሕክምናውን ከወንዶቹ ተዋሰ። እዚያ በወንዶቹ፣ በሽታው ቀለል ያለ ደረጃ ላይ ከሆነ፣ ሦስት ዙር በሦስቱ መድኃኒት ወይም አራት ዙር ያለ ብሊዮማይሲን በሁለቱ መስጠት ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው። ቢስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲታከም ሳንባው እንዳይጎዳ ብሊዮማይሲኑ በሌላ መድኃኒት ተተክቶለታል። በኋላ ያገኛቸው ድሎች በሌላ መድኃኒት ምክንያት መነጠቃቸው የራሱ ጉዳይ ነው፣ ሳንባው ግን መሥራቱን አይተናል። ይህን ለእህቴ ስነግራት፣ «ታዲያ እኔ ምን ልወዳደር ነው?» አለችኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ማቆሙ ተወሰነ እንጂ ሳሉ የብሊዮማይሲን መሆኑ ያን ቀን አልተረጋገጠም ነበር። የሚጠረጠረው ብዙ ነው። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ የሳንባ ምች ይመጣል። ካንሰር ያለበት ሰው ደሙ ቶሎ ይረጋል፣ የረጋውም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። እጢው ራሱ ሳንባ ላይ ሊዘራ ይችላል። ከዚያ ሁሉ በላይ የምንኖረው ቲቢ በሚበዛበት አገር ነው፤ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት።

የቲቢው ጥርጣሬ ለደንቡ ያህል የተነሳ አልነበረም። ብሊዮማይሲን ለጎዳው ሳንባ የሚሰጠው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ያወርዳል። ቲቢ ያለበት ሰው ላይ ቢጀመር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። አክታ አምጪ ተባለች። ሳሉ ደረቅ ነው፣ አክታ ከየት ይምጣ? በጨው ውሃ ጭጋግ እያስተነፈሱ አንድ ጠብታ ያህል አገኙና ቲቢን ለሚለየው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ሄደ። እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ ቲቢ ይሁንላት ወይስ አይሁንላት እያልኩ ስጸልይ ራሴን ያዝኩት። ቲቢ ቢሆን በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል። ግን ቢሆን ደግሞ...

አልሆነም። ሲቲ ስካኑ የሁለቱም ሳንባ ግርጌና ጠርዝ ላይ ጉም የመሰለ ነጭ አሳየ። ከጉሙ መሐል አንድ ትንሽ ክብ ነገር ነበረች። ሪፖርቱን አንዲት ወጣት ሐኪም መተላለፊያው ላይ እያነበበች «እዚህ ጋ ኖጁል አለ» ስትል እህቴ ሰማች። ያቺን ሌሊት በደንብ አስታውሳታለሁ። ጠዋት ሐኪሟ ብሊዮማይሲን ራሱ እንዲህ ያለ ክብ ጠባሳ እንደሚሠራና ካንሰር የተሰራጨ እንደሚያስመስል ነገራት። በደሟ የሚለካው የእጢ ምልክት መውረዱን እያየ ነው። ከሳምንታት በኋላ በተነሳው ፎቶ ክቧ ነገር ጠፍታለች። ያን ዕለት ያንን አለማወቅ ግን ስንቱን ሰው በከንቱ ሌላ ኬሞ ውስጥ ሊከት እንደሚችል ሳስብ ይጨንቀኛል።

ውጭ አገር ብሊዮማይሲን የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊትም በየመሃሉም ሳንባው ጋዝ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካ የትንፋሽ ምርመራ ብዙ ጊዜ ይደረግለታል። ሲለካ በጣም ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያስተነፍሱታል። አዎ፣ ያው ሌሊት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ ነው፤ መጠኑ ጉዳት የማያደርስ ሆኖ ነው እንጂ። መሣሪያው እኛ ጋ እንደልብ አይገኝም። ያለው ማዳመጫው፣ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያና ኮሪደሩ ነው። ስለዚህ የሕመምተኛዋ አፍ እዚህ ከሌላው አገር የበለጠ ዋጋ አለው። የተሰጠው ብሊዮማይሲን ጠቅላላ ድምር 400 ዩኒት ሲያልፍ የሳንባው አደጋ በግልጽ ይጨምራል ይባላል። የእህቴ ድምር ከዚያ በብዙ ያንስ ነበር። ዕድሜዋ ትንሽ ነው፣ ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። በቁጥር ብትታይ የሚያሳስብ ነገር አልነበራትም።

ፕሬድኒሶሎኑ ተጀመረ። ሳሉ በሳምንት ውስጥ ላላ። በፍልሰታ መሐል መድኃኒቱ የሰጣት የምግብ ፍላጎት እማዬን አስለቀሳት፤ «በላች!» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ፊቷ አበጠ፣ ጉንጯ ሞላ፣ የማያውቅ ሰው «ተስማምቶሻል» ይላታል። መድኃኒቱ የሚቀነሰው በጣም በዝግታ ነው፤ ቶሎ ከተቆረጠ ሳንባው ተመልሶ ሊቆጣ ይችላል። በሁለቱ መድኃኒቶች የቀረውን ኬሞ ጨረሰች።

ወረፋ ላይ

ኬሞ ክፍል ውስጥ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሰው ይተዋወቃል። እህቴ ከልጆቹ ወገን ናት። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፣ የማህፀን ወይም የኦቫሪ ካንሰር ያለባቸው፣ ፓክሊታክስልና ካርቦፕላቲን የሚወስዱ። የሳንባ ነገር ወሬ ሲነሳ ሁሉም የየራሱን አለው። እኔም ያኔ ነው አንድ ዓይነት ታሪክ እንዳልሆነ ያየሁት።

አንዲት እናት መጀመሪያ ቀን ፓክሊታክስሉ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ደረታቸው ታፍኖ፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ሲስተሯ ሮጣ እንደዘጋችላቸው አጫወቱን። «ነፍሴ እዚህ ደርሳ ተመለሰች» ይላሉ ጉሮሯቸውን እያሳዩ። ይህ የአለርጂ ዓይነት ነው፣ በአብዛኛው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር፣ ገና ሲጀምር ይመጣል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ሳይሆን የተሟሟበት ነገር ነው ይባላል። ፓክሊታክስል ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ከጉሎ ዘይት የተሠራ ማሟሟያ ይገባበታል። ይህን ስነግራቸው እኚያ እናት፣ «ጉሎ? ያ ምጣድ የምናሰስበት?» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። ከመርፌው በፊት የሚሰጡት እነዚያ ብዙ ክኒኖች ለዚህ ናቸው፣ «ሆዴን አቃጠለኝ» ብሎ መዝለል አያስፈልግም።

ካርቦፕላቲን ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ላይ ሰላም ነው። በሽታው ተመልሶ እንደገና ሲጀመር፣ ሰውነት ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ፣ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይነሳል። መዳፍ ሲያሳክክ ነው የሚጀምረው። «ስንት ዙር ወስጄዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ» የምትል ሴት ልብ ልትለው የሚገባ ማሳከክ ነው። ዶሴታክስል ውሃ ያስቋጥራል፣ ሳንባ ዙሪያም ሊጠራቀም ይችላል። ጄምሲታቢን እንደ ብሊዮማይሲን ሳንባውን ራሱን የሚያስቆጣበት ጊዜ አለ። ጤናማ ያልሆነ እርግዝና ወደ ካንሰር ተቀይሮባቸው ሜቶትሬክሴት የሚወስዱ ሴቶችም ደረቅ ሳልና ትኩሳት ሲመጣባቸው መናገር አለባቸው። ሁሉም በየራሱ ሰዓት ይመጣል፤ አንዱ በደቂቃ፣ አንዱ በወራት። ብሊዮማይሲን ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል፣ ሰው ስለ ሆስፒታሉ መርሳት ሲጀምር።

ካርዱ

ሐኪሟ በመጨረሻው ቀን አንድ ነገር አስጠነቀቃት። ወደፊት በማንኛውም ምክንያት ማደንዘዣ የምትወስጂ ከሆነ ብሊዮማይሲን እንደወሰድሽ ተናገሪ አላት። ምክንያቱ ኦክሲጅን ነው። ብሊዮማይሲን ዲኤንኤ የሚቆራርጠው ከብረትና ከኦክሲጅን ጋር ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኒውዮርክ ያሉ የማደንዘዣ ሐኪሞች፣ ብሊዮማይሲን ወስደው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሳንባ ስለሞቱ አምስት ሰዎች ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለመጡት ኦክሲጅኑንም የሚሰጠውንም ፈሳሽ ሲቀንሱ ሰዎቹ ተረፉ። ጥፋቱ የኦክሲጅኑ ነው ወይስ የፈሳሹ የሚለው ክርክር ዛሬም አለ። ኦክሲጅን ካስፈለጋት ይሰጣታል፣ ነፍስ ይቀድማል። ያለ ምክንያት ግን አይከፈትላትም፣ የሚያደነዝዛትም ሰው ማወቅ አለበት። በታንክ እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ መጥለቅም ከመሞከሯ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት ተባለ። እህቴ ላንጋኖ ላይ እግሯን ብቻ ነክራ የምትመለስ ልጅ ናት፤ ይህኛውን በቀላሉ ተቀበለችው።

የወሊዱን ግን አላቀለለችውም። ያ የተረፈው ኦቫሪ አለ። አንድ ቀን በቀዶ ልትወልድ ትችላለች፣ በሌሊት፣ ፋይሏ በሌለበት ሆስፒታል፣ እኔም እማዬም በሌለንበት። ስለዚህ ካርድ ጻፍን። በአንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላው በኩል ሐኪሟ በእንግሊዝኛ። የመድኃኒቱ ስም፣ የወሰደችው ጠቅላላ መጠን፣ መቼ እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ። ጽሕፈት ቤት ወስጄ በላሚኔሽን አስለበጥኩት። ሠራተኛው ልጅ «የምን ካርድ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ስነግረው ለሁለተኛው ኮፒ አላስከፈለኝም።

እህቴ ካርዷን የስልኳ ሽፋን ውስጥ አስገባችው።

«ስልኩ ቢሰረቅስ?» አልኳት።

«ለምን ሁለት አሠራሽ ታዲያ? አንዱን አንቺ ያዢው።»

ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አሁን ለክትትል ስንሄድ፣ ሐኪሙ ገና ወንበሩን ሳይስብ ትጀምርለታለች። ትናንት ሽቅብ ስሄድ ትንሽ አለክልኬ ነበር፣ ከትናንት ወዲያ አንዴ ስያለሁ፣ ግን ሰርቆኝ ሊሆን ይችላል፣ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ባለፈው «እሺ፣ ገባኝ፣ ቆይ ልቀመጥ» አላት።